ብዙ ሠራተኞች በአንድ ኮምፒዩተር ሲሠሩ የየአንዳንዱን ስምና ሥልጣን ስለ መወሰን

በየወረዳው ያላችሁ ሹማምንት፣ ሰፊ እርሻ ያላችሁም ባለ እርሻዎች እንደምታውቁት፣ ቀድሞ በወፍራም ደብተር ይጻፍ የነበረው የመሬት ይዞታ፣ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር መዝገብ በብዙ ስፍራ ወደ ኮምፒዩተር ተዛውሯል። ደብተሩ በነበረበት ጊዜ ጠባቂው አንድ ሰው ነበረ፤ ቁልፉም በአንድ ሰው ኪስ ይውል ነበር። ዛሬ ግን በአንዱ ኮምፒዩተር ጸሐፊው፣ ሒሳብ ያዡ፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊና የመሬት ቀያሹ እያንዳንዳቸው በየጠረጴዛቸው ሆነው በአንድ ሰዓት ይሠሩበታል። ስለዚህ ማን ምን ያያል፣ ማን ይጽፋል፣ ማንስ ይሰርዛል የሚለው ጥያቄ የባለ ሙያው ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሹሙም ጥያቄ ሆኗል። ባለ ሙያው መዝጊያውን ያበጃል እንጂ ቁልፉ ለማን እንደሚሰጥ መወሰን የእርሱ ፈንታ አይደለም።

ነገሩ ቀላል መስሎ እንዳይታያችሁ። ከአንድ ገበሬ ይዞታ ላይ ሩብ ሔክታር ተቈርሶ ወደ ጎረቤቱ ስም ቢዞር፣ ወይም የማዳበሪያ ዕዳውን የከፈለ ሰው እንዳልከፈለ ሆኖ ቢጻፍ፣ መዝገቡ በደብተር የሆነ እንደ ሆነ ፍቀቱ ይታያል፤ የቀለሙ መለየት፣ የእጅ ጽሕፈቱም ጠባይ ይመሰክራል። በኮምፒዩተር ግን ፊደሉ ሁሉ አንድ መልክ ነው። ማን እንደ ጻፈው የሚመሰክረው ሠራተኛው በገባበት ስም ላይ የሚቀረው ምልክት ነው። አምስት ሠራተኞች በአንድ ስም የሚገቡ ከሆነ ግን ምስክር የለም ማለት ነው፤ በደል የደረሰበትም ገበሬ ወደ ዳኛ ቢሄድ በማን ላይ እንደሚያመለክት አያውቅም።

አንድን ኮምፒዩተር ለብዙ ሰው የማካፈል ሥራ የተጀመረው በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ነው። በዚያ ፈርናንዶ ኮርባቶ የተባሉ ሊቅ ከጓደኞቻቸው ጋራ ሆነው በ1961 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ብዙ ሰዎች በየተራ ሳይሆን በአንድ ጊዜ የሚሠሩበትን ሥርዓት አሳዩ። ኮምፒዩተሩ የሁሉም፣ ጽሑፉ ግን የየግል በመሆኑ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ስምና የምሥጢር ቃል ተሰጠው። የምሥጢሩ ቃል ገና ዓመት ሳይሞላው ተደፈረ ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በ1962 አላን ሸር የተባለ የዚያው ተቋም ተማሪ የተመደበለት የሥራ ሰዓት ስላልበቃው፣ የምሥጢር ቃሎቹ የተጻፉበት መዝገብ እንዲታተምለት በቀዳዳ ካርድ ትእዛዝ አስገብቶ የሁሉንም ቃል በወረቀት ተቀበለ። ከዚያም በኋላ በዚያው አሥር ዓመት አጋማሽ ላይ ሁለት የሥርዓቱ ኃላፊዎች በአንድ ጊዜ ሁለት ልዩ ልዩ ጽሑፍ ሲያርሙ ጽሑፎቹ ተቀያየሩና፣ ለተጠቃሚዎች ሰላምታ ሊወጣ በሚገባው ስፍራ የሁሉም ሰው የምሥጢር ቃል ወጣ። ልብ በሉ፤ በሁለቱም ጊዜ መዝጊያ የሰበረ ሌባ አልነበረም። በመጀመሪያው አንድ ሰው ሊታዘዝለት የማይገባ ትእዛዝ ታዘዘለት፤ በሁለተኛው ኃላፊዎቹ ራሳቸው ሥራ ተደባለቀባቸው።

ከዚህ ትምህርት ተወስዶ በ1969 ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላቦራቶሪ የጀመሩት ዩኒክስ የተባለው ሥርዓት፣ በ1991ም ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ በዩኒክስ አምሳል የጀመረው ሊነክስ፣ የስምንና የሥልጣንን ነገር እስከ ዛሬ በሚሠራበት መልክ አደላደሉት። ዛሬ የመንግሥትና የነጋዴ መዝገብ የሚቀመጥባቸው ትልልቅ ኮምፒዩተሮች፣ ማለት ሰርቨሮች፣ እጅግ ብዙዎቹ በሊነክስ የሚሠሩ ናቸውና ከዚህ በታች የምንገልጸው እርሱን ነው።

በሊነክስ ዘንድ ሰው ማለት ቍጥር ነው። ሠራተኛው በስሙ ይገባል እንጂ ኮምፒዩተሩ በውስጡ የሚያውቀው ለስሙ የተሰጠውን ቍጥር ነው። ይህም ‹ፓስወድ› በሚባል መዝገብ ለየአንዳንዱ ሰው በአንድ መስመር ይጻፋል። መስመሩ 7 ክፍል አለው፤ የመግቢያው ስም፣ የምሥጢሩ ቃል ስፍራ፣ የሰውየው ቍጥር፣ የዋናው ቡድኑ ቍጥር፣ ሙሉ ስሙና የመሰለው መግለጫ፣ የግል ማኅደሩ ያለበት ቦታ፣ በመጨረሻም ሲገባ የሚቀበለው ፕሮግራም ነው። የምሥጢሩ ቃል ስፍራ ተብሎ በተጻፈው ላይ ግን ዛሬ ቃሉ አይገኝም፤ አንድ ምልክት ብቻ ቆሞ ‹ሻዶ› ወደሚባለው፣ ትርጓሜውም ጥላ ወደ ሆነው ሌላ መዝገብ ይመራል። ‹ፓስወድ›ን ማንም ሠራተኛ ሊያነበው ይችላል፤ ‹ሻዶ›ን ግን ከሥርዓቱ ባለ ሙሉ ሥልጣን በቀር ተራ ሠራተኛ አያነበውም። በዚያም ቢሆን ቃሉ እንዳለ አይጻፍም፤ ተመልሶ ሊፈታ በማይችል ሒሳብ ተፈጭቶ ይቀመጣል። ዱቄት ተመልሶ ስንዴ እንደማይሆን ማለት ነው። ሠራተኛው ሲገባ የሚጽፈው ቃል እንደ ገና ይፈጭና ዱቄቱ ከዱቄቱ ጋራ ይመዛዘናል። ስለዚህ ባለ ሙያው «ቃልህ ምን ነበር?» ብሎ የሚጠይቅበት አንዳችም ምክንያት የለውም፤ ቢጠፋ አዲስ ይሰጣል እንጂ የድሮውን ማወቅ አያስፈልገውም። የሚጠይቅ ባለ ሙያ ካለ ወይ ሥራውን አያውቅም፣ ወይ ሌላ አሳብ አለው።

ቍጥር 0 የተሰጠው ስም ‹ሩት› ይባላል፤ ትርጓሜውም ሥር ማለት ነው። ለእርሱ መዝጊያ የለም፤ ሁሉን ያነባል፣ ሁሉን ይጽፋል፣ ሁሉን ያጠፋል። የሥልጣኑ ምንጭ ስሙ ሳይሆን ቍጥሩ መሆኑን ግን ማወቅ ይገባል። ማንኛውም ስም፣ ስሙ ‹እንግዳ› ተብሎ ቢጻፍ እንኳ፣ በቍጥሩ ስፍራ 0 የቆመለት እንደ ሆነ ፍጹም ባለ ሥልጣን ነው። መርማሪ የላካችሁ እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚያየው ይህን ይሁን፤ በመዝገቡ ውስጥ ባለ 0 ከአንድ በላይ ተገኝቶ እንደ ሆነ በቂ ማብራሪያ ይጠየቅበት። ተራ ሠራተኞች በብዙው የሊነክስ ዐይነት ከ1000 ጀምሮ ይቈጠራሉ፤ በመካከል ያሉት የሰው ሳይሆኑ ለፕሮግራሞች የተሰጡ ቍጥሮች ናቸውና በእነርሱ ሰው እንዲገባ አይፈቀድም።

አሁን ወደ ቡድን እንመለስ፤ ከሁሉ ይልቅ ለሹም የሚያስፈልገው ክፍል ይህ ነውና።

ሥልጣን ለየሰዉ እየተለየ ቢሰጥ አስተዳደሩ ማለቂያ አይኖረውም። 12 ሠራተኞችና 40 መዝገቦች ቢኖሩ 480 ውሳኔ ያስፈልጋል፤ አንድ ሰው በተዛወረ ቍጥርም 40ው እንደ ገና ይታያል። ስለዚህ ሥልጣኑ ለሥራው ይሰጣል፤ ሰውየው ደግሞ ለሥራው ይመደባል። ለምሳሌ ‹መሬት›፣ ‹ግብዓት›፣ ‹ሒሳብ› የሚባሉ ሦስት ቡድኖች ቢቋቋሙ፣ የመሬት መዝገብ ማኅደር ለ‹መሬት› ቡድን፣ የማዳበሪያውና የዘሩ ለ‹ግብዓት› ቡድን ይሆናል። ቀያሹ ወደ ሌላ ወረዳ የተዛወረ እንደ ሆነ ስሙ ከ‹መሬት› ይወጣል፤ ተተኪው ይገባል፤ መዝገቦቹ ግን አይነኩም። ‹ግሩፕ› የሚባለው መዝገብ ለየቡድኑ አንድ መስመር አለው፤ በመስመሩም መጨረሻ የአባላቱ ስም ይዘረዘራል። ይህን መስመር አንብቦ መረዳት የባለ ሙያ ዕውቀት አይጠይቅም። ሹሙ አሳትሞ በእጁ ሊይዘውና «እገሌ በዚህ ቡድን ስለ ምን ገባ?» ብሎ ሊጠይቅበት ይችላል።

እዚህ ላይ በየስፍራው የሚደጋገም አንድ ስሕተት አለ። አንድን ሠራተኛ ወደ አዲስ ቡድን ለመጨመር ‹ዩዘርሞድ› የሚባል ትእዛዝ አለ። ባለ ሙያው የቡድኑን ምልክት ብቻ ጽፎ «ጨምር» የሚለውን ምልክት የረሳ እንደ ሆነ፣ ኮምፒዩተሩ ነገሩን «ከዚህ ቡድን በቀር ሌላው ይቅርበት» ብሎ ይረዳዋል፤ ሠራተኛውም ከነበረበት ተጨማሪ ቡድን ሁሉ ይወጣል። ሒሳብ ያዡ ትናንት ይከፍተው የነበረውን መዝገብ ዛሬ ተከለከልሁ ብሎ ሊጮህ ከመጣ፣ ከመቈጣት በፊት ይህን መመርመር ይገባል። ደግሞም አዲስ ቡድን የተሰጠው ሠራተኛ ወጥቶ እስኪገባ ድረስ አዲሱን ሥልጣን አያገኝም። የተወገደውም እንዲሁ ነው፤ አስቀድሞ ገብቶ የተቀመጠ ከሆነ እስኪወጣ ድረስ የድሮ ሥልጣኑ አብሮት ይቈያል። ይህ ሁለተኛው ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

እያንዳንዱ መዝገብ ባለቤት አንድ ሰውና አንድ ቡድን አለው። ሥልጣኑም ሦስት ነው፤ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ማስኬድ። እነዚህ ሦስቱ ለባለቤቱ፣ ለቡድኑና ለሌላው ሰው ሁሉ ለየብቻቸው ይወሰናሉ፤ ድምራቸው 9 ነው። ለማንበብ 4፣ ለመጻፍ 2፣ ለማስኬድ 1 ተሰጥቶ በድምር ስለሚጻፍ፣ ባለ ሙያው «መዝገቡን 640 አደረግሁት» ቢላችሁ፣ ባለቤቱ ያነባል ይጽፋልም፣ ቡድኑ ያነባል ብቻ፣ ሌላው አይደርስበትም ማለቱ ነው። «777 አደረግሁት» ካላችሁ ግን ደጁን ወለል አድርጎ ከፍቶታል፤ በኮምፒዩተሩ ላይ ስም ያለው ሁሉ ሊያነበውም ሊያበላሸውም ይችላል። ብዙ ባለ ሙያዎች አንድ ነገር እንቢ ሲላቸው ይህን ቍጥር እንደ መድኃኒት ይጠቀሙበታል። ምክንያቱን መፈለግ አድካሚ ስለሆነ ነው እንጂ አስፈላጊ ሆኖ አይደለም።

በማኅደር ላይ ግን የሥልጣኑ ትርጓሜ ይለወጣልና በዚህ ጥቂት እንቈይ። በማኅደር ላይ የመጻፍ ሥልጣን ማለት በውስጡ አዲስ መዝገብ የማኖር፣ ያለውንም የማጥፋትና ስሙን የመለወጥ ሥልጣን ነው። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ መዝገቡን አንብቦ እንዳይጽፍበት ቢከለከልም፣ መዝገቡ ባለበት ማኅደር ላይ የመጻፍ ሥልጣን ያለው እንደ ሆነ መዝገቡን ሊያጠፋውና በስሙ ሌላ ሊተካበት ይችላል። ሣጥኑን ቈልፎ ሣጥኑ ያለበትን ቤት ክፍት እንደ መተው ነው፤ ሌባው ሣጥኑን መክፈት ባይችል ተሸክሞት ይሄዳል። ለዚህ መድኃኒቱ ብዙ ሰው በሚጽፍበት ማኅደር ላይ ‹ስቲኪ› የሚባለውን ምልክት ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ ከመዝገቡ ባለቤት፣ ከማኅደሩ ባለቤትና ከ‹ሩት› በቀር ማንም አያጠፋም። ሌላም ጠቃሚ ምልክት አለ። በቡድን በሚሠራበት ማኅደር ላይ ቡድን የሚያወርስ ምልክት የተደረገ እንደ ሆነ፣ በውስጡ የሚወለደው መዝገብ ሁሉ በጸሐፊው የግል ቡድን ፈንታ በማኅደሩ ቡድን ይመዘገባል። ይህ ያልተደረገ እንደ ሆነ ጸሐፊዋ ጧት የጻፈችውን ባልደረባዋ ከሰዓት በኋላ ሊከፍተው ሲሞክር ይከለከላል፤ ከዚያ ጭቅጭቅ ይነሣል፤ ከጭቅጭቁም የተነሣ «ቃልሽን ንገሪኝና ልግባ» ይባላል። የምሥጢር ቃል መዋዋስ በብዙ ስፍራ የሚጀምረው ከክፋት ሳይሆን ከእንዲህ ያለ የአደረጃጀት ጉድለት ነው። ሹሙ መዋዋስን ከመከልከሉ በፊት ሠራተኞቹ ስለ ምን እንደሚዋዋሱ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ቃሉን ያዋሰ ሰው ግን ማኅተሙን እንዳዋሰ ይቈጠራል። ማኅተሙ የታተመበት ደብዳቤ ሁሉ የባለ ማኅተሙ እንደሚባል፣ በስሙ የተሠራውም ሥራ ሁሉ የእርሱ ይባላል። ይህ ነገር ከሠራተኛው ይልቅ በሹሙ ይብሳል። የሥራ ብዛት ያለበት ሹም ቃሉን ለጸሐፊው ነግሮ «አንተው አጽድቀው» ማለቱ በብዙ ቢሮ የተለመደ ነውና፣ የማጽደቅ ሥልጣኑ ለተተኪ መሰጠት ያለበት ከሆነ ለተተኪው በራሱ ስም በጽሑፍ ይሰጠው፤ ኮምፒዩተሩም ያንኑ ይመዝግብ።

ስለ ቃሉ ርዝመትና ስለ መለወጫው ጊዜ የቈየ ልማድ አለ፤ በየ90 ቀኑ ይለወጥ፣ ቍጥርና ልዩ ምልክት ይግባበት የሚል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2017 ባወጣው መመሪያ ይህን ልማድ ትቶታል። ሰው በየጊዜው እንዲለውጥ ሲገደድ በቃሉ መጨረሻ አንድ ቍጥር እየጨመረ ይቀጥላል፣ አለዚያም በወረቀት ጽፎ ከጠረጴዛው ሥር ይለጥፋል። ስለዚህ ቃሉ ረጅም ይሁን፤ አስቀድሞ ተሰርቀው ከታወቁት ቃሎች አንዱ አለመሆኑ ይመርመር፤ ተሰርቋል ተብሎ የተጠረጠረ ጊዜ ብቻ ይለወጥ። ሦስት አራት የማይገናኙ የአማርኛ ቃሎች ተያይዘው ቢጻፉ ለማስታወስ ይቀልላሉ፤ ለመገመትም ይከብዳሉ።

የ‹ሩት›ን ቃል ለብዙ ባለ ሙያ ማካፈል ከሁሉ የከፋ ነው። በእርሱ ፈንታ ‹ሱዱ› የሚባል ፕሮግራም አለ። በ1980 ገደማ በኒውዮርክ ግዛት፣ በቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ነው። ባለ ሙያው በራሱ ስም ገብቶ፣ ከፍተኛ ሥልጣን የሚጠይቀውን አንዱን ሥራ ብቻ በ‹ሱዱ› ያዝዛል፤ እገሌ በዚህ ሰዓት ይህን አዘዘ ተብሎም ይመዘገባል። ለአንዱ ባለ ሙያ ማተሚያውን ማስነሣት ብቻ፣ ለሌላው አዲስ ሠራተኛ መመዝገብ ብቻ ተብሎ እየተለየ ሊፈቀድ ይችላል። ይሁን እንጂ ጠባቂውም ጠባቂ ያስፈልገዋል። በጥር 2021 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በዚሁ በ‹ሱዱ› ውስጥ ማንኛውም ተራ ተጠቃሚ ‹ሩት› ሊሆንበት የሚችል ጉድለት እንዳለ ተገለጠ፤ ጉድለቱ ከ2011 ጀምሮ ማንም ሳያየው የኖረ ነበር። እርማቱ በዚያው ቀን ወጥቷል። እርማት በሚወጣበት ጊዜ ፈጥኖ የማያስገባ ጽሕፈት ቤት፣ ቡድኑን ምንም ያህል ቢያደላድል ድካሙ ከንቱ ነው።

ሠራተኛ ሲቀጠር ስም መስጠት ማንም አይረሳም፤ አዲሱ ሠራተኛ ራሱ ይጠይቃልና። ሲሄድ ግን የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ የመልቀቂያ ወይም የዝውውር ደብዳቤ አንድ ግልባጭ በዚያው ቀን ለሥርዓቱ ባለ ሙያ እንዲደርስ በጽሑፍ መታዘዝ አለበት። ባለ ሙያውም ስሙን ለመዝጋት የምሥጢር ቃሉን ብቻ የቈለፈ እንደ ሆነ አልዘጋም። ሠራተኛው ከሩቅ የሚገባበት የኤስ.ኤስ.ኤች. ቁልፍ ካለው ያለ ቃል ይገባልና፤ የስሙ ዘመን አልፏል ተብሎ መታተም፣ ቁልፉም መወሰድ አለበት። ገብቶ የተቀመጠ ከሆነ ይውጣ፤ በየሌሊቱ ራሱ እንዲነሣ ያዘዘው ሥራ ካለ ይታይ።

ስሙን ፈጽሞ ለማጥፋት ግን መቸኰል አይገባም። ስሙ ሲጠፋ የጻፋቸው መዝገቦች አይጠፉም፤ ከግል ማኅደሩ ውጭ ያሉት በቍጥሩ እንደ ተጻፉ ይቀራሉ። አዲስ ሠራተኛ ሲመዘገብ ኮምፒዩተሩ ካሉት ሁሉ በላይ የሆነውን ቀጣይ ቍጥር ይሰጣል፤ የጠፋው ሰው የመጨረሻው ተመዝጋቢ የነበረ እንደ ሆነ ያው ቍጥር ለአዲሱ ይደርሰዋል። ያን ጊዜ ትናንት የተቀጠረው ልጅ፣ ያለ ማንም ፈቃድና ያለ ራሱም ዕውቀት፣ የሄደውን ሰው መዝገብ ሁሉ ይወርሳል። ስለዚህ ስሙ ተዘግቶ ይቈይ፤ መዝገቦቹ በቍጥሩ ተፈልገው ለተተኪው ይዛወሩ፤ ባለቤት የሌለው መዝገብ አለመቅረቱም ይረጋገጥ። ለኦዲት ሲባልም ቍጥሩ የማን እንደ ነበረ የሚናገር መስመር መኖሩ ይጠቅማል።

የመሬትና የግብዓት መዝገብ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በተለየ ፕሮግራም ውስጥ ነው፤ ያም ፕሮግራም የራሱ የስምና የሥልጣን ዝርዝር አለው። በሊነክስ ላይ የተወገደ ሰው በዚያ ውስጥ ሳይወገድ ሊቀር ይችላልና ሁለቱም ዝርዝሮች አብረው ይታዩ።

በአገራችን በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል አድርጎታል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 ደግሞ የሰውን የግል መረጃ የያዘ ክፍል መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል። የገበሬው ስም፣ የይዞታው ስፋትና ዕዳው የግል መረጃው ነው። «ያለ ፈቃድ» የሚለው ቃል በፍርድ ፊት ክብደት የሚያገኘው ግን ፈቃዱ ለማን እንደ ተሰጠ በጽሑፍ ያለ እንደ ሆነ ነው።

ስለዚህ በየሦስት ወሩ ሹሙ ከባለ ሙያው ሦስት ወረቀት ይጠይቅ፤ የስሞቹን ዝርዝር፣ የቡድኖቹን ከነአባላታቸው፣ ‹ሱዱ› የተፈቀደላቸውንም። እነዚህን ከደመወዝ መክፈያው ዝርዝር ጋራ አስተያይቶ፣ በደመወዙ የሌለ በኮምፒዩተሩ ግን ያለ ስም ቢያገኝ ያዘጋ፤ ያየበትንም ቀን ጽፎ ይፈርምበት። የ‹ሩት› ቃል በታሸገ ፖስታ ሆኖ በጽሕፈት ቤቱ የብረት ሣጥን ይቀመጥ፤ ባለ ሙያው በድንገት የታመመ ወይም የሄደ እንደ ሆነ ሁለት ሰዎች ባሉበት ይከፈት፤ በተከፈተም ማግሥት ቃሉ ተለውጦ አዲሱ እንደ ገና ይታሸግ።